ዝሆኑ ለምን ወደቀ?

የመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤቴ ውስጥ ኬክ እየሠራሁ እሸጣለሁ። በቅርቡ ለኮምቦልቻ ደንበኛ የልደት ኬክ ሠራሁ። ኬኩ ላይ ዝሆን፣ ዝሆኑ ላይ በግ፣ በጉ ላይ ጫጩት ተደራርበው የቆሙበት ነው። ሌሊቱን ሠርቼ ፍሪጅ ከተትኩት። ጠዋት ሳወጣው አላበው። መንገድ ላይ የዝሆኑ እግሮች ተንሸራተቱ፣ በጉ ከነጫጩቱ ተገለበጠ። ኬኩም ሲጋገር መሀሉ ሰምጦብኝ ነበር። ደንበኛዋ ደግ ናት፣ ለሁለተኛው ልጇም ያንኑ አዘዘችኝ። ችግሩ እጄ ነው ወይስ ፎንዳንቱ?»

አብሽሪ እህቴ። እጅሽ ምንም አልሆነም። ፎንዳንቱንም፣ ኬኩ የሚለብሰውንና ቅርጹ የሚሠራበትን የስኳር ሊጥ ማለቴ ነው፣ ብቻውን አልከሰውም። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ሌሊቱን ሠርቼ» የሚለው ላይ ነው። ዝሆን በአንድ ሌሊት ተሠርቶ አይቆምም።

ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥራ የምንገባው እጃችን ቅርጽ ማውጣት ስለሚወድ ነው። ጆሮ ማሳመር፣ ዓይን መትከል ደስ ይላል። ተደራራቢ ቅርጽ ግን መጀመሪያ ግንባታ ነው። ቤት ሲሠራ ቀለም የሚቀባው መጨረሻ ላይ አይደል? ክብደቱ ስንት ነው፣ ማን ይሸከመዋል፣ ደርቋል ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ ኩምቢው ቢያምር ባያምር ያው ነው። ያንቺ ዝሆን እርጥብ ነበር፣ አጥንት አልነበረውም፣ በዚያ ላይ ላብ ጠጣ። ሦስቱም አንድ ቀን መጡበት።

ከሥር እንጀምር፤ ከኬኩ። መሀሉ የሰመጠው ደሴ ስለሆንሽ ነው። ቀልዴን አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከላይ የሚጫነው ሲቀልለው ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልኩ በላይ ይነፋል። ሊጡ በጉጉት ይነሳል። ውስጡ በስሎ ሳይጸና አረፋው ይፈነዳል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል። ውሃም እኛ ጋ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፣ ስለዚህ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል። ንፍሮ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ ቀድሞ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 94 ገደማ ላይ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የምናየው አሠራር አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። እንዳለ አትውሰጂው። ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ ቀንሺ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አውጪ። ዱቄትና ወተት ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ኦቨኑን በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጊው፣ ሊጡ ሳይሰምጥ ቶሎ ይጸናል።

እኔ ለ20 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ የምይዘው ልክ ይህ ነው፦ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 220 ግራም ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ 280 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 5 አድርጊው፣ ትንንሽ ነው። 180 ዲግሪ ላይ ይገባል። ከ45 ደቂቃ በኋላ ስቴኪኒ ወግተሽ እዪ። ሁለት ጊዜ ጋግሪና እያንዳንዱን ለሁለት ሰንጥቂው። ስፖንጅ ኬክ ግን እንዳታስቢ። ስፖንጅ ለቡና ነው፤ ይህን ሁሉ ቁልል ሊሸከም አይችልም።

ውስጡን በምን እንደሞላሽው አልነገርሽኝም። በዊፕ ክሬም ከሆነ አንዱ ጥፋት ተገኘ። ዊፕ ክሬም ውሃ ይበዛዋል፣ ፎንዳንት ደግሞ ስኳር ነው። ስኳር ውሃ ሲያገኝ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ፎንዳንት የሚለብስ ኬክ በቅቤ ክሬም ወይም በጋናሽ፣ ማለትም በክሬም በቀለጠ ቸኮሌት፣ ይሞላል፣ ይለሰናልም። ለጋናሽ ጥቁር ቸኮሌት ሁለት እጅ፣ ክሬም አንድ እጅ፣ በሚዛን። ነጭ ቸኮሌት ከሆነ ሦስት ለአንድ። ጋናሽ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በቅቤ ክሬም ከሠራሽ ለኮምቦልቻ ሲሆን ከቅቤው ሲሶውን በነጭ የረጋ ዘይት ተኪው። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ለቅቤ አይራራም።

አሁን ወደ ፎንዳንቱ። የምትሠሪው ራስሽ ከሆንሽ የተለመደው ልክ 10 ግራም ጀላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ ፈሳሽ ግሉኮስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የረጋ ዘይት፣ ከ900 ግራም እስከ 1 ኪሎ የተፈጨ ስኳር ነው። ቤት የፈጨሽው ስኳር ሻካራ ስለሚሆን በሻሽ ንፊው። ወንፊት አይበቃውም። አንድ የስኳር ቅንጣት ጆሮው ላይ ስንጥቅ ታስጀምራለች።

ጀላቲኑ ላይ ቆም እንበል። እኛ ወሎ ነን። አንድ ልደት ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል። ጀላቲን የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው፤ ከከብት ሊሆን ይችላል፣ ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ሐላል የሚል ከሌለውና ምንጩ ካልተጻፈ አትግዢው። ማርሽማሎው ቀልጦ የሚሠራው ፎንዳንትም ያው ነው፣ ማርሽማሎው ራሱ ጀላቲን አለው። ጾም ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ቅቤና እንቁላል አውጥተሽ «የጾም ኬክ» ብለሽ ከሸጥሽ በኋላ ከላይ ያለበስሽው ጀላቲን ያለው ከሆነ ጾም አይደለም። ደንበኛ ይህን አያውቅም፣ አንቺ ግን ማወቅ አለብሽ። ጀላቲን የሌላቸው የታሸጉ ፎንዳንቶች አሉ፤ ጀርባቸውን አንብቢ።

ኬኩን የሚያለብሰውና ዝሆኑ የሚሠራበት ፎንዳንት አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። የሚለብሰው ለስላሳ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ቢላ ይገባበታል። ቅርጹ ግን መድረቅ አለበት። ስለዚህ ለቅርጽ የምትለዪው ላይ ሲኤምሲ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ጨምሪ፤ ታይሎስም ይሉታል። ለ250 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ። አሽተሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተይው፣ ቢያድር ይመረጣል። ደሴ ካጣሽው ከአዲስ አበባ አስልኪ። አንድ ትንሽ ዕቃ ለወራት ይበቃል። ማጣበቂያም ከዚሁ ይወጣል፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ላይ ነስንሰሽ አሳድሪው፣ ጠዋት እንደ ተነከረ አብሽ ተዝለግልጎ ታገኚዋለሽ። በውሃ ብቻ አታጣብቂ፤ ውሃ ሲበዛ መገጣጠሚያውን ያቀልጠዋል።

ቀለሙ ጄል ይሁን። ፈሳሹ የጠብታ ቀለም ፎንዳንቱን ያላላዋል። ግራጫ ለማውጣት በስቴኪኒ ጫፍ ጥቁር ንኪና እሺው። መጀመሪያ የፈዘዘ ቢመስልሽም አትጨምሪበት፣ ካደረ ይጠቁራል። እኔ አንዴ ቸኩዬ ጨምሬ ዝሆን ሳይሆን ጎሽ ወጣልኝ።

የቆመ ዝሆን ለምን መረጥሽ? አራት ቀጭን እግር፣ ከላይ ትልቅ ሆድ፣ ከዚያ በላይ በግ። እግሩ ከብረት ቢሆን እንጂ ከስኳር አይሆንም። ዝሆኑን አስቀምጪው። ቂጡ ሰፊ፣ የኋላ እግሮቹ ወደፊት የተዘረጉ፣ የፊቶቹ ሆዱ ላይ ያረፉ። ኩምቢውም አየር ላይ አይንጠልጠል፣ ደረቱ ላይ ይተኛ። ሕፃን ዝሆን ይመስላል፣ ደንበኛዋም የበለጠ ትወደዋለች። በጉም አይቁም፣ የዝሆኑ አናት ላይ እግሩን አጥፎ ይተኛ። አናቱን ገና እርጥብ ሳለ በመዳፍሽ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጊለት። ለጫጩቷ እግር አትሥሪላት። ጫጩት ስትቀመጥ እግሯ አይታይም።

ስለ ክብደት የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከሥሩ ካለው ግማሽ አይበልጥ። ዝሆኑ ሙሉ ፎንዳንት ከሆነ ከባድ ነው፣ ውስጡም አይደርቅም። ስለዚህ ውስጡን ነጭ ፎም አደርገዋለሁ፤ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን የሚወጣውን ማለቴ ነው። በቢላ ቅርጽ አውጪለትና በምግብ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይው። ላስቲኩን በረጋ ዘይት ቀቢና ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎንዳንት አልብሺው። ላስቲኩ ለይስሙላ አይደለም፣ ፎሙ ከሚበላ ነገር ጋር መነካካት የለበትም። ዝሆኑ እንደማይበላም ለደንበኛዋ አስቀድመሽ ንገሪያት። የኬክ ፍርፋሪ በጋናሽ ለውሶ መሙላትም ይቻላል፣ ሰው የሚበላውን ይወዳል። ግን ይከብዳል፣ እርጥበትም ይሰጣል። ሦስት እንስሳ ለሚደራረብበት እኔ አልደፍረውም።

አጥንቱ የኬባብ እንጨት ነው። ዝሆኑ ገና ለስላሳ ሳለ ከአናቱ እስከ ቂጡ ውጊው። እዚያው ይቆይ፤ በየቀኑ ግን ዞር ዞር እያደረግሽ አላቂው፣ ቀዳዳው እንዳይዘጋ። ከደረቀ በኋላ ልውጋው ካልሽ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ከአናቱ በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ በጉ እሱ ላይ ይሰካል። ለትንንሹ ነገር፣ ለጆሮው፣ ለጫጩቷ፣ ስቴኪኒ አታስገቢ። ደረቅ ስፓጌቲ ቆርጠሽ ተጠቀሚ። ልጅ ቢነክሰው ይሰበራል እንጂ አፉን አይወጋውም። ጣሊያን የተወልን ነገር በዚህም ይጠቅማል።

ጆሮዎቹን ለብቻ ሥሪና በሾርባ ማንኪያ ጎድጓዳ ላይ አስተኝተሽ አድርቂያቸው፣ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። የበጉን ጸጉር በእጅ እየጠቀለልሽ አትድከሚ። ለስላሳ ነጭ ፎንዳንት በሻይ ማጥለያ ወንፊት ተጭነሽ አሳልፊ፣ ከሥሩ ክር ክር ሆኖ ይወጣል። በቢላ ጫፍ ገፍፈሽ ለጥፊበት። ወሎ ውስጥ ላደገ ልጅ ጸጉራም በግ ካልሆነ በግ አይደለም። ዓይን በቀለም አትሣይ፣ ትንሽ ጥቁር ድቡልቡል አድርገሽ ትከይ። ዝቅና ራቅ አድርገሽ ስትተክይው ፊቱ የሕፃን ይሆናል። ከፍና ጠበብ ሲል ደግሞ የተቆጣ ሽማግሌ ይመስላል። ልዩነቱ ከጤፍ አይበልጥም።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ልደቱ እሁድ ነው እንበል። ሰኞ ገበያ ውለሽ ስትመለሺ ዝሆኑን ትጀምሪያለሽ። አምስት ቀን ሙሉ ያስፈልገዋል። በጉ ረቡዕ፣ ጫጩቷ ሐሙስ። ኬኩ ዓርብ ይጋገራል፣ ቅዳሜ ይሞላል፣ ይለብሳል። ቅርጾቹን ሳህን ላይ አታድርቂ፣ ከሥር አየር አያገኙም። ንጹሕ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ላይ አስቀምጪና በየቀኑ አገላብጪ። ይህ ለበጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ ቀኑን እጥፍ አድርጊው። ከወጥ ቤት እንፋሎትም አርቂያቸው። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ላዩ እጅሽ ላይ እያለ ይደርቅና ይሸበሸባል። በሙያው «የዝሆን ቆዳ» ይሉታል። ለጫጩቷና ለበጉ መዓት ነው፣ የረጋ ዘይት በጣትሽ አሸት አድርጊበት። ለዝሆኑ ግን ዝም በይው። የራሱ ቆዳ ነው።

ኬኩ ውስጥም ምሰሶ ይገባል። ዝሆኑ የሚቀመጥበትን ስፋት ያህል ጠንካራ ካርቶን ቁረጪ፣ በላስቲክ ጠቅልይ። ከካርቶኑ ሥር አራት ወፍራም የጁስ ስትሮ ኬኩ ውስጥ ይተከላል። አንዱን እስከ ታች ስደጂ፣ ከኬኩ ላይ እኩል የሆነበትን ቦታ ምልክት አድርጊና አውጥተሽ ቁረጪ። ሌሎቹን ሦስቱን በእሱ ልክ ቁረጪ። እያንዳንዱን ለብቻው ከለካሽ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ይረዝማል፣ ዝሆኑም ይንጋደዳል። የካርቶኑን መሀል ቅደጂው፣ የኬባቡ እንጨት በዚያ አልፎ እስከ ታችኛው ቦርድ ይውረድ። ስለዚህ እንጨቱ ረጅም ይሁን፤ ኬኩን፣ ዝሆኑንና ከላይ 4 ሳንቲ ሜትሩን ደምረሽ ለኪ። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን ስትሮዎቹ ይሸከሙታል፣ እንጨቱ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል።

ፍሪጁን በተመለከተ፦ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው አይተሻል። ኬክሽም ያንኑ ነው ያደረገው። የቤቱ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፎንዳንቱ ያን ውሃ ጠጣው፣ እግሮቹም ለሰለሱ። ቅርጾቹ ፍሪጅ በጭራሽ አይግቡ። ኬኩም በጋናሽ ወይም በቅቤ ክሬም ከተሠራ ለአንድ ሌሊት የደሴ ብርድ ይበቃዋል፣ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል አስቀምጪው። የግድ ፍሪጅ ካስገባሽ ካርቶን ውስጥ ከተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊው። ስታወጪው ሳትከፍቺ ሁለት ሦስት ሰዓት ተይው። ላቡ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። አንዴ ካላበው ደግሞ በፎጣ እንዳትነኪው፤ ቬንትሌተር ፊት አቁሚውና እስኪደርቅ ጠብቂ።

መንገዱ ቀረ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ የሐረጎን ጥምዝ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። እየወረድሽ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ላይ ያለው ነገር ወደፊት ይወረወራል። እኔ በዚሁ መንገድ የተደረደሩ መጻሕፍት ቅርጽ ያለበት የምርቃት ኬክ ጭኔ ላይ ይዤ ወርጄ አውቃለሁ። ጭን ምቹ ይመስላል እንጂ ተዳፋት ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ ሁለቱ መጻሕፍት ቀሚሴ ላይ ነበሩ። ተመራቂዋ ሳቀች፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ስለዚህ ሳይገጣጠም ይሂድ። ኬኩ በአንድ ካርቶን፣ ስትሮዎቹና የዝሆኑ መቀመጫ ካርቶን ተተክለው፣ የዝሆኑ ቦታ ባዶ ሆኖ። እንስሳቱ በሌላ ትንሽ ካርቶን፣ እያንዳንዱ በሶፍት ታቅፎ። የኬኩ ካርቶን የመኪናው ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ። ወንበር ላይ አይሁን፣ ወንበር ወደኋላ ያዘነበለ ነው። ባጃጅም አይሆንም። ጠዋት በጊዜ ውረጂ፣ ኮምቦልቻ ሳይሞቅ። ትንሽ ከረጢት ያዢ፦ ማጣበቂያው፣ ብሩሽ፣ አንድ እፍኝ ግራጫና አንድ እፍኝ ነጭ ፎንዳንት፣ ትርፍ ስፓጌቲ፣ መቀስ። ጆሮ ቢሰበር እዚያው ትጠግኚዋለሽ። ሌላ ትርፍ ጫጩትም ሥሪ። አምስት ደቂቃ ነው የምትወስድብሽ፤ የምትጠፋውም ሁሌ ትንሿ ናት።

ቤቱ ስትደርሺ ኬኩ የሚቆረስበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ አይነሳም። እንጨቱን በዝሆኑ በኩል ቀጥ አድርገሽ ስደጂ፣ በጉን ስኪ፣ ጫጩቷን በስፓጌቲ ትከያት። መስኮት አጠገብ አታስቀምጪው።

ዋጋውን ስትነግሪ ኬኩንና እንስሳቱን ለይተሽ አስቢ። ኬኩ የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ እንስሳቱ የሳምንት። አብዛኞቻችን የምንከስረው የሳምንቱን ሥራ በነፃ እየሰጠን ነው። ከሳምንት በፊት ያልታዘዘ ቁልል ደግሞ አልቀበልም በይ። ደንበኛዋ ብትቆጣም ትቆጣ፣ አንድ እንስሳ ብቻ የተቀመጠበት ኬክ ስጫት።

ከመሄድሽ በፊት የልጁን እናት ወደ ጎን ጥሪና ውስጡ አንድ ረጅም እንጨትና አራት ስትሮ እንዳለ ንገሪያት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ስጫት። ሲቆረስ መጀመሪያ ቁልሉ ይነሳል፣ ከዚያ አምስቱም ተቆጥረው ይወጣሉ፣ ልጆቹ ሳህን የሚይዙት ከዚያ በኋላ ነው። ትርፏን ጫጩት ለታላቅየው ስጪው። ባለፈው የእሱ ወድቃበት የለ።